ከሰማይ የሚነበብ ቅጠል በምን በምን እንደሚለዋወጥ አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ

ለክቡራን የክልልና የዞን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች የቀረበ አሳብ።

ቀድሞ የእህሉን ነገር ለማወቅ የሚሻ ሹም በበቅሎ ተቀምጦ ወይም በእግሩ ሄዶ፣ ማሳውን በዓይኑ አይቶ፣ ገበሬውን ጠይቆ፣ ዛላውን በመዳፉ አሽቶ ይመለስ ነበር። በዘመናችን ግን ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 786 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ በየአምስት ቀኑ አገራችንን ከዳር እስከ ዳር አይተው ያልፋሉ። የአሜሪካው ላንድሳትም የመጀመሪያው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 ከተላከ ወዲህ ያነሣቸው ሥዕሎች ተጠራቅመው፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት የሚበልጥ የምድር ታሪክ ሆነዋል። አገራችንም በበኩሏ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አስወንጭፋ ከእንጦጦ ላይ ለመቈጣጠር በቅታ ነበር። እነሆ ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም የተቀባ ካርታ ቢገኝ የሚደነቅ ሰው የለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጥበቡን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከሳተላይት የሚመጣው ቍጥር እንደ ሚዛን ድንጋይ ራሱን የቻለ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየው ብርሃንን ብቻ ነው፤ ጤፍን አያይም፣ ረኃብንም አያይም። ብርሃኑን ወደ ጤፍና ወደ ረኃብ የሚተረጕመው ሰው የሠራው ስሌት ሲሆን ሊቃውንቱ ሞዴል ይሉታል። ይህም ስሌት ብዙ ነገሮችን ተቀብሎ አንድ ቍጥር ያወጣል። እንግዲህ ከተቀበላቸው ነገሮች መካከል የትኛው በጥቂቱ ሲለወጥ ውጤቱን እጅግ ያናውጠዋል? የትኛውስ ቢለወጥ ውጤቱ ዝም ይላል? ይህን የሚጠይቀው ጥናት በሊቃውንቱ ዘንድ ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የስሱነት ምርመራ ብንለው ያስኬዳል። የእኔም አሳብ ይህ ነው፤ የስሱነት ምርመራ ያልተደረገበት ቍጥር የእርዳታ፣ የመድን ወይም የካሣ መወሰኛ ሆኖ ወደ ወረዳ መውረድ የለበትም።

በየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ንባብ ለተማርን ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በአማርኛ «ኀይል» የሚለውን ቃል አንዱ በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ቢጽፈው የኔታ ይቈጣሉ እንጂ ሰሚው የሚሰማው አንድ ነው። «አለ» የሚለውን ቃል ግን አንባቢው ያጠበቀው እንደ ሆነ መኖርን፣ ያላላው እንደ ሆነ መናገርን ያመለክታል። ፊደሉ ምንም አልተለወጠም፤ የምላሱ ክብደት ብቻ ተለወጠ፤ ትርጓሜው ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። እንግዲህ የአማርኛ ንባብ ለማጥበቅና ለማላላት ስሱ ነው፤ ለሞክሼ ፊደል ግን ስሱ አይደለም። ወደ ግእዝ ስንሻገር ደግሞ ይኸው ሕግ ይገለበጣል። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው። በአንዱ ስፍራ የማይቈጠር ነገር በሌላው ስፍራ ፍርድ ይለውጣል። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ወደ ማሳው ስንወርድ ያስፈልገናልና።

አሁን ቅጠል ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ ባጭሩ ልግለጥ። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ ጤነኛ ቅጠል በቀይ ብርሃን ሲታይ ጥቍር ነው። ከቀይ ባሻገር ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን የቅጠሉ ውስጣዊ ሥጋ በአየር ክፍተቶቹ እያንጸባረቀ ግማሽ ያህሉን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ከዚያም ወዲያ ያለውን ብርሃን የቅጠሉ ውሃ ይጠጣዋል። እንግዲህ ቀዩ ብርሃን ከታሕተ ቀዩ ተቀንሶ፣ የተገኘው ለሁለቱ ድምር ሲካፈል አንድ ቍጥር ይወጣል፤ ኤን.ዲ.ቪ.አይ የሚሉት የልምላሜ መለኪያ ይህ ነው። ላንድሳት ከተላከ በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ይህ ቀላል ሒሳብ እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራበታል።

ይህን ብርሃን በጠለቀ መንገድ የሚመረምሩትን ስሌቶች የጻፉት የአውሮፓ ሊቃውንት ናቸው። የኔዘርላንዱ ፈርሁፍ በ1984 እ.ኤ.አ. ሴይል የተባለውን፣ ፈረንሳውያኑ ዣክሙና ባሬ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ፕሮስፔክት የተባለውን አወጡ። ፕሮስፔክት የአንዱን ቅጠል ጠባይ ይናገራል፤ ክሎሮፊሉን፣ ውሃውን፣ ደረቅ አካሉንና የውስጥ አሠራሩን። ሴይል የአዝመራውን ጠባይ ይናገራል፤ ቅጠሉ መሬቱን ስንት እጥፍ እንደ ሸፈነ፣ ተኝቶ ወይስ ቆሞ እንደ በቀለ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ምን ያህል ብሩህ እንደ ሆነ፣ ፀሐይና ተመልካቹ በየት በኩል እንደ ቆሙ። ሁለቱ ተጋብተው ፕሮሴይል ተባሉ። በዚህም ስሌት ላይ የስሱነት ምርመራ ያደረጉ ሰዎች ያገኙት ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዓይን በሚያየው ብርሃን ዘንድ ነገሩን የሚያዝዘው በብዛት ክሎሮፊል ነው፤ በታሕተ ቀይ ዘንድ የቅጠሉ ብዛትና አቋቋም፣ ከዚያም ደረቅ አካሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ብርሃን ውሃው ይነግሣል። ቅጠሉ ገና ሲሣሣ ግን ከሁሉም በላይ የሚናገረው አፈሩ ነው።

ይህን በመጽሐፍ ያነበብሁትን በዓይኔ ያየሁት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። እኔ የምኖረው በኮተቤ በኩል ስለ ሆነ የየካ ተራራ በየማለዳው ከፊቴ ነው። ተራራው የለበሰው በአጤ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያረጅ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ቀጥኖ ጠርዙን ወደ ሰማይ አዙሮ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ስለዚህም ከሥሩ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ጥላ ስሱ ነው። ከተቈረጠ በኋላ ከጕቶው የሚያቈጠቍጠው ለጋ ቅጠል ግን ሰፊ ነው፤ ሰም የተቀባ መስሎ ይነጣል፤ ገበታ እንደ መዘርጋትም ይዘረጋል። እንግዲህ አንድ ዛፍ፣ አንድ ተራራ፣ ሁለት አቋቋም ሆነ። ከላይ የሚያየው ሳተላይት በተንጠለጠለው ቅጠል መካከል ጥላውንና ምድሩን ያያል፤ በተዘረጋው ላይ ግን ቅጠሉን ብቻ። የቅጠል አቋቋምን ቸል ያለ ሰው አርጅቶ የቆመውን ደን ሣሣ ብሎ፣ ትናንት ተቈርጦ ያቈጠቈጠውን ደን ለመለመ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህን የሚመስል ሪፖርት፣ ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ በእጄ ገብቶ አንብቤአለሁ፤ መጥረቢያ ያረፈበት ጥግ ከሁሉ ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ተቀብቶ ነበር።

ከየካ ወደ ምሥራቅ በአያት፣ በሰሚት፣ በቦሌ አራብሳ በኩል ሲወጡ ደግሞ ምድሩ ጥቍር መረሬ ነው። በክረምት እንደ ማር ያጣብቃል፤ በበጋ ተሰንጥቆ የበግ ግልገል እግር ይውጣል። ቤት የሚሠሩ መሐንዲሶች ይህን አፈር አይወዱትም፤ ጤፍ ግን ይወደዋል። በዚያ አገር ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከሰል በመሰለበት ወራት ነው። አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ቍጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኋቸው ናቸው።

የማሳው አንድ አራተኛ ብቻ በቅጠል ተሸፍኗል እንበል። ቅጠሉ ከቀይ ብርሃን ከመቶ 5፣ ከታሕተ ቀይ ከመቶ 45 ይመልሳል። የቀረው ሦስት አራተኛ እርጥብ መረሬ ሆኖ ከቀይ ከመቶ 5፣ ከታሕተ ቀይ ከመቶ 7 ቢመልስ፣ ጠቅላላው የልምላሜ ቍጥር 0.53 ይሆናል። ያው ቅጠል፣ በዚያው ብዛት፣ በደረቅና በነጣ አፈር ላይ ቢሆን፣ አፈሩም ከቀይ ከመቶ 20፣ ከታሕተ ቀይ ከመቶ 25 ቢመልስ፣ ቍጥሩ 0.30 ይወርዳል። ጤፉ አንዲት ቅጠል አልጨመረም፤ አንዲት ቅጠልም አልጐደለበትም። የተለወጠው አፈሩ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሹም የመረሬውን ገበሬ ባለጠጋ፣ የነጩን አፈር ገበሬ ችግረኛ አድርጎ ያስባል፤ ወይም በአንዱ ማሳ ላይ ዝናም ትናንት በመዝነሙ ሰብሉ አደገ ብሎ ለበላዩ ይጽፋል። አሜሪካዊው ሊቅ ሁዌት በ1988 እ.ኤ.አ. የአፈሩን ነገር የሚያስታግሥ የተሻሻለ መለኪያ ያወጣው ስለዚህ ነው፤ ነገር ግን የእርሱም መለኪያ ስሕተቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወደ ጥቅምት ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጤፉ ጠቅጥቆ ምድሩን ሲከድን የአፈሩ ቃል ጸጥ ይላል። ቅጠሉ ከቀይ ከመቶ 3፣ ከታሕተ ቀይ ከመቶ 45 ቢመልስ ቍጥሩ 0.87 ገደማ ነው፤ ቅጠሉ ጨምሮ ታሕተ ቀዩ 50 ቢደርስ ቍጥሩ 0.89 ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመካከለኛና በመልካም ማሳ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መለኪያ ሊሰወር ይችላል፤ መለኪያው ጠግቧል። የሠረቀና የሰረቀ ነገር ይህ ነው፤ በነሐሴ ፍርድ የሚለውጠው አፈር በጥቅምት ቃል የለውም። በነሐሴ የሚናገረው የቅጠል ብዛት ደግሞ በጥቅምት ድምፁ ይደክማል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ስሌታችን ለአፈር ስሱ አይደለም» ቢላችሁ «በየትኛው ወር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ምርመራው የሚካሄድበት መንገድም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ሁሉን ነገር አስሮ አንዱን ብቻ እያነሡ መነቅነቅ ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ያታልላል። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ብቻዋን ብትጨምር አንድ ነገር ይሆናል፤ ጨውም ውሃም አብራ ብትጨምር ሌላ ነገር ይሆናል። አፈርና የቅጠል ብዛትም እንዲሁ ተያይዘው ይሠራሉ፤ አንዱ የሚናገረው ሌላው ሲፈቅድለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም በአንድነት፣ በየተፈቀደላቸው ወሰን ውስጥ፣ በብዙ ሺሕ ዕጣ እየለዋወጡ ስሌቱን ደጋግሞ ማስኬድ፣ ከዚያም የውጤቱን መዋዠቅ እንደ ርስት ለየባለድርሻው ማካፈል ነው። ይህን ድልድል ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ሶቦል በ1993 እ.ኤ.አ. አስተካክሎ አስተማረ። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞሪስ የተባለ ሊቅ በጥቂት ድካም የማይጠቅመውን ከሚጠቅመው የሚለይበትን ወንፊት አውጥቶ ነበር። ዛሬ ሶቦል ያለውን ለማድረግ ተራ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ ስለዚህ ድኽነታችን ምክንያት ሊሆነን አይችልም።

ነገር ግን በዚህ ድልድል ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ጉድጓድ አለ፤ እርሱም ወሰኑ ነው። ክሎሮፊሉ ከስንት እስከ ስንት ይለዋወጣል ብለን እንደ ወሰንን፣ ድርሻው እንዲሁ ይሰፋል ወይም ይጠባል። በባዕድ አገር ለስንዴና ለበቈሎ የተወሰነ ወሰን እንዳለ ተገልብጦ ለጤፍ ሲሰጥ የሚወጣው ድርሻ የጤፍ አይደለም። የጤፍ ቅጠል እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ሲያሸትም ዛላው ቅጠሉን ሸፍኖ ከላይ ይተኛል፤ ዝናምና ነፋስ ሲበረታበት ደግሞ ማሳው በሙሉ ይጋሸባል። ሴይል ግን ትናንሽ ጠፍጣፋ ቅጠሎች በእኩልነት የተበተኑበትን ማሳ አስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ በገዛ ማሳችን፣ በገዛ አፈራችን የተለካ ወሰን ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሹማምንቱና ወደ ባለይዞታዎቹ ጉዳይ ልምጣ። የቦሌና የየካ ዳርቻ እርሻ እየጠበበ መሄዱን ሁላችሁም ታያላችሁ። የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቈርሶ የተቋቋመው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። አዋጅ ቍጥር 455/1997 ከመሬቱ ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር እጥፍ እንዲታሰብ አዝዞ ነበር። ከእርሱ በኋላ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ለማያገኝና ለዘለቄታው ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተመርጦ በአሥራ አምስት እጥፍ እንዲከፈለው ደነገገ። ገበሬው ግን ደረሰኝ አያስቀምጥም፤ የሦስት ዓመት ምርቱን በምን ያስረዳል? «ሳተላይቱ ሁሉን አይቷል፣ መዝገቡ ይገለጥ» የሚል አሳብ በእንዲህ ያለ ጊዜ መምጣቱ አይቀርም፤ ከጓደኞቼም መካከል ይህን ሲሉ የሰማኋቸው አሉ። በዚህ መንገድ የተከፈለ ካሣ አለ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን አስቡት። በሔክታር 18 ኩንታል ያገኘ ሰው ስሌቱ 15 ብሎ ቢያነብበት የሦስት ኩንታል ጕድለት በአሥራ አምስት ተባዝቶ የ45 ኩንታል ዋጋ ይሆናል። ይህም ጕድለት የመጣው ምናልባት ማሳው በነጣ አፈር ላይ በመሆኑ፣ ወይም ከጎረቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ብርሃን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ በሌላ ጊዜ ወደ ላይ ከሆነም የመንግሥት ገንዘብ ያለ አግባብ ይወጣል።

የቆርቆሮውን ነገር በዋዛ አላነሣሁትም። ሴንቲኔል 2 በጥርት የሚያያት እያንዳንዷ ነጥብ በጐንና በጐን 10 ሜትር ናት፤ በአንድ ሔክታር ውስጥ መቶ ነጥብ ይገባል። ሞዲስ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ግን ጥርቷ እጅግ በተሻለው ሥዕሉ እንኳ 250 ሜትር ነው። ይህም 6.25 ሔክታር፣ በብዙ አገር አቈጣጠር 25 ጥማድ ነው። በአያት ዳርቻ 25 ጥማድ ማለት የብዙ ሰው ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ አዲስ የተቈፈረ መሠረት፣ ጣራና መንገድ ሁሉ ተፈጭቶ በአንድ ቍጥር የሚጋገርበት ነው። ከዚያ እንጀራ የአንዱን ሰው ጤፍ መልሶ መለየት አይቻልም።

ከከተማው ርቆ ላለውም አስተዳዳሪ ነገሩ ያው ነው። በጉርድ ሾላ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናው የከብት መድን በ2012 እ.ኤ.አ. በኦሮሚያ ኢንሹራንስ አማካይነት በቦረና ተጀመረ። (ይኸው ግቢ ኢልካ ይባል በነበረበት ጊዜ ከመረሬ ላይ ውሃ የሚያጠነፍፈውን ሰፊ መደብ ማውጫ ለማሻሻል ብዙ የደከመ ነው፤ የአካባቢያችን አፈር ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል።) የቦረናው መድን ላም ሞተች ብሎ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሳተላይቱ የሚያየው ልምላሜ ከተለመደው እጅግ ሲያንስ ነው። መድን ሰጪው በረኸኛ አገር እየዞረ የላም ሬሳ እንዳይቈጥር ይህ ታላቅ ማቃለያ ሆኖለታል። ከዚያ በፊት በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ሲገዛ የተመለከተው የ26 ጣቢያዎችን ዝናም ብቻ ነበርና የልምላሜው መለኪያ እርምጃ መሆኑን አልክድም።

ነገር ግን የቦረና ሽማግሌዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ሰደድ እሳት መለኰስ ከተከለከለ ወዲህ የግጦሹን ሣር እሾሃማ ቍጥቋጦ እየወረሰው ሄዷል። ላም ሣር ትበላለች፤ ፍየልና ግመል ቍጥቋጦ ይቀነጥባሉ። ከሰማይ ግን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ሥሩ የጠለቀው ቍጥቋጦ ሣሩ ሲደርቅ ለጊዜው ለምልሞ ይቈያል፤ መለኪያውም «ደኅና ነው» ይላል፤ ላሟ ግን ተርባለች። ስሌቱን የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን ስፍራ ከራሱ ያለፉ ዓመታት ጋር ስለሚያስተያዩ ባለበት የሚኖር ቍጥቋጦ ብዙ አያሳስትም። ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ የሚሄድ ቍጥቋጦ ግን ያሳስታል። ስለዚህ በዚያ አገር ስሌቱ ከሁሉ ይልቅ ስሱ የሚሆንበትን ነገር ብንፈልግ፣ ከዝናሙ ቀጥሎ የቍጥቋጦው ድርሻ መስሎ ይታየኛል፤ ይህን ድርሻ በዓይኑ አይቶ ሊመዘግብ የሚችለው ደግሞ የወረዳው ሰው ነው።

ስለ ደመናና ስለ ፀሐይ ብዙ አልናገርም። ሰብላችን በሚያድግበት ክረምት ሰማዩ ተዘግቶ ስለሚሰነብት የብርሃን ሳተላይት የሚያየው ጥቂት ቀን ነው፤ ደመናን ዘልቀው የሚያዩ የራዳር ሳተላይቶች አሉ፤ የእነርሱ ስሱነት ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፀሐይም በአዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ገደማ በእኩለ ቀን ልክ በአናት ላይ ትቆማለች፤ በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሳተላይቱ በየጊዜው ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ቢያልፍም የሚያገኘው ጥላ ልዩ ልዩ ነው። የነሐሴን ቍጥር ከታኅሣሥ ቍጥር ጋር የሚያስተያይ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያስ የሊቃውንቱ ሥራ ለሊቃውንቱ ይሁን፣ ለእኛ ምን ይመለከተናል» የሚል ሹም ይኖራል። ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እርሱን ይመስለኛል። የስሱነት ምርመራ ከሁሉ የሚጠቅመው ገንዘብንና ድካምን የት ላይ ማዋል እንደሚገባ ስለሚያሳይ ነው። ክሎሮፊልን በማሳ ላይ መለካት መሣሪያና የተማረ ሰው ይጠይቃል፤ የአፈር ቀለምንና የተዘራበትን ቀን መጻፍ ግን ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ምርመራው በነሐሴ የሚያናውጠው አፈሩ ነው ካለን፣ በነሐሴ ወር መሣሪያ የያዘ ቡድን ከአዲስ አበባ በመኪና ከምንልክ፣ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ እያንዳንዱ ማሳ መረሬ ነው፣ ቀይ ነው፣ ነጭ ነው፣ ዛሬ እርጥብ ነው፣ ደረቅ ነው ብሎ ቢጽፍ በብዙ እጥፍ ይጠቅመናል። እኔ ራሴ በአንድ ነሐሴ ከወጣት ባልደረቦቼ ጋር ከአያት ማዶ ወጥቼ ነበር። ውድ መሣሪያ ተሸክመን ጭቃው እስከ ጕልበት ያዘን፤ መሣሪያውም ደመና ስለ ነበረ አልሠራም። ማሳው ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ የተዘራበትን ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደ ታረሰና በየትኛው ጥግ ውሃ እንደሚቈም በአንድ እስትንፋስ ነገሩን። በዚያ ቀን ወደ ቢሮ ይዘን የተመለስነው የሚረባ ነገር እርሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲደረግ አሳቤን አቀርባለሁ። ከሳተላይት የተወሰደ ማናቸውም ካርታ ወይም ቍጥር ወደ ወረዳ ሲላክ አንድ ገጽ አብሮት ይላክ፤ በዚያም ገጽ ላይ ስሌቱ በዚህ ወር፣ በዚህ ሰብልና በዚህ አፈር ላይ ከሁሉ ይልቅ በምን በምን እንደሚናወጥ፣ ድርሻቸውም ስንት ስንት እንደ ሆነ፣ ወሰኑም ከየት እንደ ተወሰደ በግልጥ አማርኛ ይጻፍ። ገጹ ያልተያያዘበትን ካርታ የወረዳው ሹም ለማወቂያ ያህል ይመልከተው፤ የሰው መብት የሚነካ ውሳኔ ግን አይፈርምበት። ሁለተኛውም፣ በየወረዳው ለናሙና ጥቂት ማሳዎች ተመርጠው የተዘራበት ቀን፣ የአፈሩ ቀለምና እርጥበት፣ ሰብሉ መጋሸቡ፣ በግጦሽ አገር የቍጥቋጦው ድርሻ፣ በመከርም ጊዜ በሚዛን የተመዘነው ምርት በአንድ መዝገብ ይጻፍ። መዝገቡ የሚያዘው በገበሬው ፊት ሆኖ አንድ ግልባጭ በእጁ ይቅር፤ ነገ ለካሣ ጉዳይ ቢጠራ የራሱ ማስረጃ ይሆነዋልና።

ለመጀመሪያው ሙከራ የለሚ ኩራና የየካ ዳርቻ ቀበሌዎች ይመቻሉ። መረሬው፣ ባሕር ዛፉ፣ ጤፉና ቆርቆሮው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛሉ፤ እርሻውም ከአሁን ቢዘገዩ የሚገኝ አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ ጤፍ ሲዘራ ደብተሩ እንዲከፈት፣ ከሰኔ አስቀድሞ የቀበሌዎቹ ዝርዝርና የሠራተኞቹ ቍጥር እንዲላክልን ያስፈልጋል።